የብስክሌትሽ መለኪያ ወደ ሲቪሽ ላይኛው ክፍል ይውጣ

ውድ እህቴ፣

የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽ፣ በትርፍ ጊዜሽ ዕቃ መፍታትና መግጠም፣ ብስክሌት መንዳትና ራቅ ወዳለ ቦታ መጓዝ እንደምትወጂ ጽፈሽልኛል። ዘመዶችሽ «ጨዋታውን ተይና ሰርተፊኬት ሰብስቢ» ይሉሻል፤ አንቺም እውነት ይሆን እንዴ ብለሽ ተጨንቀሻል። እኔ አልስማማም። ምክንያቴንም ከራስሽ ደብዳቤ ላሳይሽ።

ለብስክሌትሽ የሠራሽውን የፍጥነት መለኪያ በሁለት መስመር ብቻ ነው ያለፍሽው። ጎማው ላይ ትንሽ ማግኔት፣ ከአጠገቡ ማግኔት ሲጠጋው የሚገጥም ማብሪያ፣ ዙሩን የሚቆጥረው ደግሞ አርዱዊኖ የሚባለው፣ ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። ኮረኮንች ላይ ስትደርሺ ቁጥሩ ድንገት በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይል ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል። አንቺ ግን ማብሪያው ውስጥ ያሉት ስስ ብረቶች ሲጋጠሙ እንደሚነጥሩ፣ በዚህም አንዱ ዙር ሁለት ሦስት ጊዜ እንደሚቆጠር ደረስሽበት። የጎማሽ ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ነው። በ50 ሚሊሰከንድ ልዩነት ሁለት ምልክት ከመጣ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር እየነዳሽ ነው ማለት ነው። ያ ሊሆን ስለማይችል ከዚያ ባነሰ ልዩነት የሚመጣውን ምልክት ሁሉ እንዲጥለው ኮዱን አስተካከልሽ።

ቀጣሪ የሚፈልገው ይህንን ነው። መሐንዲሶች ሲቀጠሩ ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። አመልካቾቹ ያንኑ ኮርስ ወስደዋል፣ ውጤታቸውም ተቀራራቢ ነው። «ሠርተህ እምቢ ያለህ ነገር ምን ነበር? ምክንያቱንስ እንዴት አወቅህ?» ሲባሉ ግን አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። አንቺ መልስ አለሽ፤ ያውም በቁጥር የተደገፈ።

ስለዚህ ሲቪሽ ግርጌ ላይ «ዝንባሌ፦ ብስክሌት፣ ጉዞ፣ ፈጠራ» ያልሽውን አጥፊው። ማንም የሚጽፈው ስለሆነ ማንም አያነበውም። በምትኩ ከትምህርትሽ ቀጥሎ መለኪያውን ብቻ በአራት መስመር ጻፊ፦ ምን ችግር ገጠመሽ፣ ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ፣ ምን ወሰንሽ፣ አሁን እንዴት ይሠራል። የጀመርሻቸውን ሁሉ አትደርድሪ፤ አንዱ በደንብ ሲነገር ይበልጣል። ኮዱን ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ጋር ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጪ፤ ሽቦው የተንጠለጠለውን፣ በፕላስተር የታሰረውን የመጀመሪያውን ሥራሽንም ፎቶ ጨምሪበት። ለቃለ መጠይቅ ስትጠሪ ዕቃውን ይዘሽ ሂጂ። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጠያቂው ራሱ አንስቶ ያገላብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ሥራ ይሆናል።

ሰርተፊኬቱን በተመለከተ፣ የሥራ ማስታወቂያው ስሙን ጠርቶ ከጠየቀ ውሰጂ። ካልጠየቀ ገንዘብሽን አታባክኚ።

«ሐሳብ የሚመጣልኝ ስነዳና ስጓዝ ብቻ ነው፤ ሥራ ስይዝ ይነጥፍብኝ ይሆን?» ብለሽም ጠይቀሻል። በሞተር የሚበር አውሮፕላን የሠሩት የራይት ወንድማማቾች ኑሯቸው ብስክሌት መሸጥና መጠገን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 ስለ ክንፍ የታተሙት ስሌቶች በዓይናቸው ከሚያዩት ጋር አልገጥም ሲሏቸው፣ ከብስክሌት መሪ ፊት ለፊት ሌላ ጎማ አግድም ገጠሙ። በላዩ ላይ የክንፍ ቅርጽ ያላት ቁራጭ አስረው፣ ነፋስ እንዲያገኙ በኃይል እየፔደሉ ለኩ። በ1903 የበረረው አውሮፕላናቸውም ከሞተሩ ወደ ማራገቢያዎቹ (ፕሮፔለሮቹ) ኃይል የሚያስተላልፈው በሰንሰለት ነበር። ብስክሌቱ ለሐሳባቸው የጠቀማቸው አስቀድሞ እንቅልፍ የነሳቸው ጥያቄ ስለነበራቸው ነው። አንቺም ሥራ ስትይዢ የሚያንስብሽ ጊዜ ነው እንጂ ሐሳብ አይመስለኝም። ከሳምንቱ አንድ ምሽት ለራስሽ ሥራ ለይተሽ ያዢ፤ ለመንዳት ስትወጪም ያልፈታሽውን አንድ ነገር በአእምሮሽ ይዘሽ ውጪ።

ጓደኞችሽ መለኪያውን እያመረትሽ እንድትሸጪ ይገፋፉሻል። ለጊዜው ይቆይ ባይ ነኝ። የሚሸጥ ዕቃ ዝናብ ሊችል፣ መለዋወጫ ሊኖረው፣ ሲበላሽም የሚመልስ ሰው ሊያገኝ ይገባል፤ ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ አንቺ ደግሞ እሱን እንደምትፈልጊ አልጻፍሽም። ብስክሌት መንዳቱንም ለሲቪ ብለሽ አታድርጊው፤ ከማንም ጋር የማትወዳደሪበት አንድ ነገር ይኑርሽ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሥራ ውል ከመፈረምሽ በፊት በትርፍ ጊዜሽ የምትሠሪው የማን እንደሆነ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልገሽ አንብቢ። ከአፕል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ እ.ኤ.አ. በ1976 የመጀመሪያውን የአፕል ኮምፒዩተር ሲሠራ ሂውሌት ፓካርድ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ተቀጣሪ ስለነበር አስቀድሞ ለእነሱ አቀረበው፤ አንፈልግም ስላሉ ነው በነፃነት የቀጠለው። አንቀጹ ግልጽ ካልሆነልሽ ከመፈረምሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ፣ መልሱንም አስቀምጪ። ይህን በመጠየቋ ቅጥር የተነፈጋት ሰው አላየሁም።

ከምርቃት በኋላ ላሰብሽው የአንድ ወር የብስክሌት ጉዞ ፈቃድ የምትጠይቂኝ መሰለኝ። ሂጂ። ማመልከቻዎቹን ግን ሳትነሺ ላኪ፤ ብዙ መሥሪያ ቤት መልስ እስኪሰጥ ሳምንታት ይፈጅበታል። ደብዳቤው ላይ ለቃለ መጠይቅ ከመቼ ጀምሮ እንደምትገኚ ቀኑን ጻፊ፤ በየሁለት ቀኑም ኢሜይልሽን ክፈቺ።