መልስ፦ የልጄ ማንጎ ጁስ ስኳሩ ስንት ነው?

እሽጉ ላይ ስኳር 12 ግራም የሚለው ለ100 ሚሊ ሊትር ነው እህቴ፣ ለሙሉው እሽግ አይደለም። ያንቺው 250 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 30 ግራም ይመጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ስለሚይዝ፣ ልጅሽ በአንዴ ከ7 ማንኪያ በላይ ጠጣ ማለት ነው።

"እውነት ማንጎ ነው ወይ?" ላልሽው፣ የይዘቱን ዝርዝር እዪ። በክብደት የሚበልጠው ነው ቀድሞ የሚጻፈው። ያንቺው "ውሃ፣ ስኳር፣ ማንጎ" ስለሚል ማንጎ የሸተተው የስኳር ውሃ ነው። ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ዴክስትሮዝ ምናምን የሚሉትም ያው ስኳር ናቸው።

በቃ ጁስ ቤት እወስደዋለሁ ካልሽ ደግሞ፣ እዚሁ ደሴ ፒያሳም ቢሆን "ስኳር እንዳይገባበት" ብለሽ ቀድመሽ ንገሪ። ዝም ካልሽ ሳይጠይቁሽ ጨምረው ይፈጩታል፤ እኔ አሁን ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ነው የማስፈጨው።