እናቴ ያላለችውን በርበሬ እንዴት ሰማሁት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ገበያ ላከችኝ። ወረቀት አልያዝኩም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላና ጨው ነው ያለችኝ። ሁሉንም ገዛሁ፤ ሁለት ኪሎ ዛላ በርበሬም ጨምሬ መጣሁ። «የቡሬው በርበሬ ጓዳ ተቀምጦ ማን ግዢ አለሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። ጋሼ፣ ስትል ሰምቻታለሁ! ድምፅዋ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ታናሽ ወንድሜ ግን አላለችም ይላል። ጤነኛ ነኝ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ጤነኛ ነሽ፣ እህቴ። እናትሽም አልዋሹም።

እስቲ ሰባቱን ዕቃዎች መልሰሽ እያቸው። ሁሉም በርበሬ ሲዘጋጅ የሚገቡ ናቸው። እናትሽ አንዱን በጠሩ ቁጥር አእምሮሽ ውስጥ በርበሬም አብሮ ይነቃነቃል። ሰባት ጊዜ የተነቃነቀ ቃል፣ ገበያ ስትደርሺ የተባለ ይመስልሻል።

ይህን ጄምስ ዲስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1959 አሳይቶት ነበር። በ1995 ሮዲገርና ማክደርሞት የተባሉ ተመራማሪዎች እንደገና ፈተሹት። በአንድ ዋና ቃል ዙሪያ የተሰበሰቡ ባለ15 ቃል ዝርዝሮችን ለሰዎች አንብበው የሰሙትን ሲጠይቁ፣ ያልተነበበው ዋና ቃል 55 በመቶ ያህል ጊዜ ተጠራ። ሰዎቹም እንዳንቺው «ሰምቻለሁ» ባዮች ነበሩ።

እኔም ደብረ ማርቆስ ቤታችን ቡና ላይ ሞክሬዋለሁ። አልጋ፣ ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ ማዛጋት፣ ማንኮራፋት፣ ሕልም፣ ድካም፣ ሌሊት አልኩና ዝም አልኩ። ቶናው ሲቀዳ «እስቲ የያዛችሁትን ንገሩኝ» ብል፣ አማቴ ቀድመው «እንቅልፍ!» አሉ። አላልኩም ስላቸው «ሚካኤልን ብለሃል!» ብለው ድርቅ። ሳቅኩባቸው። በነጋታው ባለቤቴ ሌላ ዝርዝር አነበበችልኝና፣ ነገሩን እያወቅኩት እኔም ወደቅኩ። ማወቅ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ይህ መሳሳብ ግን ባለውለታሽም ነው። ሰባቱን ያለ ወረቀት ያመጣሽው ቅመሞቹ እየተጠራሩ ስለመጡልሽ ይመስለኛል። ቦስፊልድ የተባለ ተመራማሪ በ1953 የተደበላለቁ 60 ቃላት ሲያስነብብ፣ ሰዎቹ ሲያስታውሱ እንስሳውን ከእንስሳ፣ አትክልቱን ከአትክልት ጋር እያደረጉ ነበር የጠሩት።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ከቤት ሳትወጪ ዕቃውን ለእናትሽ መልሰሽ ንገሪያቸው፤ በጣትሽም ቁጠሪ። «ሰባት» ብለሽ ወጥተሽ ቢሆን ኖሮ፣ ስምንተኛው ላይ ቆም ትዪ ነበር። በርበሬውን ለጊዜው ፀሐይ ላይ አስጪው። እናትሽ ቶሎ ይረሱታል ብዬ ግን ቃል አልገባም።