መክተፊያዬ ላይ «ቫይረስ ይገድላል» ብዬ ብጽፍስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከቻይና የፕላስቲክ መክተፊያ አስመጥቼ ኦንላይን ልሸጥ ነው። ፕላስቲኩ ውስጥ የብር አዮን ተቀላቅሎበታል። ፋብሪካው ባክቴሪያን 99.9 በመቶ ይቀንሳል የሚል የላብራቶሪ ውጤት ልኮልኛል። ካርቶኑ ላይ «ባክቴሪያና ቫይረስ ይገድላል» ብል ያስጠይቀኛል? የቫይረሱን በራሴ ወጪ ላስመርምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ካርቶኑን ገና ካላሳተሙት እሰየው። እንዳይጽፉት። የቫይረስ ምርመራውም ላይ ገንዘብዎን አያባክኑ።

የአሜሪካው የፀረ-ተባይ ሕግ፣ ፊፍራ የሚሉት፣ ጀርም ይገድላል ተብሎ የሚሸጥን ዕቃ እንደ ፀረ-ተባይ ነው የሚያየው። አዎ፣ ከአይጥ መርዝ ጋር አንድ ሕግ ውስጥ! ፀረ-ተባይ ደግሞ በአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው፣ በኢፒኤ፣ ሳይመዘገብ አይሸጥም። ለእርስዎ ዓይነት ዕቃ ግን አንድ በር ተትቷል፦ ኬሚካሉ ራሱ፣ የእርስዎ የብር አዮን ማለት ነው፣ ለዚያ አገልግሎት የተመዘገበ ከሆነና የገባውም ዕቃውን ለመጠበቅ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ፕላስቲኩ እንዳይሸት ወይም እንዳይበላሽ፣ መክተፊያው ለብቻው መመዝገብ የለበትም። ሰውን ከበሽታ ይጠብቃል ያሉ ዕለት ያ በር ይዘጋል። መክተፊያው ያው ነው፤ ጣጣ ያመጣው አፍዎ ነው።

«ውጤቱ እውነት እኮ ነው» ይሉኝ ይሆናል። ይሁን። ግን ወረቀቱን እስቲ ያንብቡት። አይኤስኦ 22196 የሚል ከሆነ፣ ለፕላስቲክ የተለመደው ዓለም አቀፍ የባክቴሪያ መመርመሪያ ደረጃ እሱ ነው፣ ባክቴሪያ ያለበት ጠብታ ትንሽ ቁራጭ ላይ ተደርጎ፣ በስስ ፊልም ተሸፍኖ፣ በ35 ዲግሪ ሙቀትና በከፍተኛ እርጥበት 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ ኬሚካል ከሌለበት ቁራጭ ጋር የተነጻጸረ ነው። ጥሬ ዶሮ ቆራርጣ ወዲያው ሰላጣ የምትከትፍ ሴት 24 ሰዓት አትጠብቅም። የቫይረሱ ምርመራ ደግሞ ሌላ ነው፣ አይኤስኦ 21702፤ በአንድ ቫይረስ የተገኘውም ለሌላው ማስረጃ አይሆንም። አሪፍ ውጤት ቢያገኙ እንኳ የላብራቶሪ ወረቀት ምዝገባን አይተካም።

ማስፈራሪያ እንዳይመስልዎ። በፈረንጆቹ 2008 ኢፒኤ ኪቦርድና ማውስ የሚሸጥ ድርጅትን፣ የናኖ ብር (እጅግ የደቀቀ ብር) ሽፋኑ ጀርም ይከላከላል ብሎ ሳያስመዘግብ ስለሸጠ፣ 208,000 ዶላር አስከፍሎታል። «አላወቅሁም» ማለት ከቅጣት አያድንም። ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ ቲክቶክ ላይ «ጀርም ድራሹ ይጠፋል» ቢሉም ያው ነው፤ ማስታወቂያውም ይቆጠራል።

ታዲያ ምን ይጻፉ? «ምርቱን ሽታ ከሚያመጡ ባክቴሪያዎች የሚጠብቅ ኬሚካል አለው» ዓይነት ነገር ይበቃል፤ ያውም በትልቁ ሳይሆን ከሌሎቹ መግለጫዎች ጋር በእኩል ፊደል። አጠገቡ ደግሞ «ተጠቃሚውን ከበሽታ አምጪ ጀርሞች አይከላከልም፤ ሁልጊዜ ከተጠቀሙ በኋላ በደንብ ይጠቡት» የሚል ያስገቡ። ገበያ እንደማይስብ አውቃለሁ፣ ምን ይደረግ።

ለፋብሪካው ዛሬውኑ ይጻፉለት። የኬሚካሉን የኢፒኤ ምዝገባ ቁጥር ይጠይቁ፤ ምዝገባው መክተፊያን ይጨምር እንደሆነም ያጣሩ። ምግብ ስለሚነካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው የኤፍዲኤ ጉዳይም አለበት፣ ለምግብ ዕቃ መፈቀዱን በጽሑፍ ያረጋግጡልዎ። ቀሪውን ክፍያ ከመላክዎ በፊት ይሁን ታዲያ። ሜሪላንድ ቁጭ ብሎ የቻይና ፋብሪካን መክሰስ ምን ያህል እንደሚያደክም እኔ ነኝ የማውቀው።