«ፈቃዱ ከሆነ ይሳካል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን የክፍል ኃላፊነት ቦታ ክፍት ሆኖ ለውድድር ቀርቤያለሁ። አልዋሽዎትም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ትልቅ ደረጃ ላይ መድረስ እፈልጋለሁ። በቤተ ክርስቲያን አብረውኝ የሚያገለግሉ ወዳጆቼ ግን «ዓለም እየሳበችሽ ነው፤ ባለሽ ተመስገን ብለሽ ተቀመጪ» ይሉኛል። ቤተሰቦቼ በተቃራኒው «ጊዜው የቀደመ የሚያገኝበት ነው፤ ትሕትና እያልሽ እንዳትቀሪ» ይላሉ። እኔ ሰባት ቀን ለይቼ እየጾምኩ እየጸለይኩ ነው፤ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ከተሳካልኝም ስለት ተስያለሁ። አብራኝ የምትወዳደር ባልደረባዬ ባስገባችው ሰነድ ላይ የቁጥር ስሕተት እንዳለ በአጋጣሚ አይቻለሁ፤ እስከ ዓርብ ማስተካከል ይፈቀዳል፣ ግን የእኔ ሥራ ስላልሆነ ምንም አላልኩም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ትልቅ ቦታ መመኘት ለክርስቲያን ኃጢአት ነው? ፈቃዱ ከሆነ እንደሚሳካልኝ ማመኔስ ትክክል ነው?

መልስ፦

ልጄ፣ አንቺ ሁለት ነገር ጠይቀሻል፤ እኔ ግን ሦስት አገኘሁበት። ሦስተኛውን እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው አልፈሻል። እመለስበታለሁ።

ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ የምነግርሽ የለኝም፤ ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ። በዚያ ፈንታ «ፈቃዱ ከሆነ ይሳካል» በምትለው አነጋገር ላይ ትንሽ ልቆይ። ለፈተና ከሚቀመጠውም፣ ንግድ ከሚጀምረውም፣ ለትዳር ከሚያስበውም ሰው ስሰማት የኖርሁ ናት። ስትሰማ የእምነት ቃል ትመስላለች። ውስጧን ገልጠው ሲያዩት ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የምትለው፦ «የምፈልገውን እኔ መርጫለሁ፤ እግዚአብሔር ማኅተሙን ያሳርፍበት። ከተሳካ ፈቅዷል፣ ካልተሳካ ከልክሏል።» በመነሻውና በመድረሻው መካከል ያለው መንገድ፣ ማለትም በምን አኳኋን ሄድሁበት፣ ማንን ገፍቼ አለፍሁ የሚለው፣ ከሒሳቡ ወጥቷል።

ዘፍጥረት 39ን አውጥተሽ አንብቢ። በቁጥር 2 ላይ እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር እንደ ነበረ ተጽፏል። ያን ጊዜ ዮሴፍ በጌታው ቤት ሁሉ ላይ ወደ መሾም እየሄደ ነው። በቁጥር 21 ያው ቃል ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን ግን ዮሴፍ ግዞት ቤት ነው። በሁለቱ መካከል ምን ሆነ? የጌታውን ሚስት እምቢ አለ፤ ያንን በማለቱ ሹመቱንም ስሙንም አጣ። «የተሳካ ሁሉ ፈቃዱ ነው» በሚለው ሚዛን ብንመዝነው፣ ሹመቱ የእግዚአብሔር በረከት፣ እስራቱ የእግዚአብሔር ክልከላ ይሆንብናል። መጽሐፉ ግን ለቤቱም ለወኅኒውም አንድ ዐረፍተ ነገር ነው የጻፈው።

እዚህ ላይ እኛን አስተማሪዎችንም የሚነካ ነገር ልናገር። በጉባኤ መካከል ቆመው እንዲመሰክሩ የምንጋብዛቸው እነማን ናቸው? ዕድገት ያገኘው፣ ቤት የሠራው፣ ፈተናውን ያለፈው። «በሐሰት ፈርም ስባል እምቢ ብዬ እንጀራዬን አጣሁ፤ ስሙ ይመስገን» የሚል ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ በዕድሜዬ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ዮሴፍን ከወኅኒ ጠርተን «ና ስለ እግዚአብሔር ቸርነት መስክር» የምንለው አይመስለኝም፤ ከፈርዖን ሰረገላ ላይ እስኪወጣ እንጠብቀዋለን። ሕዝቡ ከእኛ የተማረው ይህንን ነው፤ ስለዚህ አንቺን ብቻ መውቀስ አይቻለኝም።

ወደ ምኞትሽ ልምጣ። መመኘትሽ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ኤጲስ ቆጶስነትን የሚፈልግ ሰው መልካምን ሥራ ይመኛል ብሏል (1ኛ ጢሞ 3፥1)። «መልካም ሥራ» ነው ያለው፤ መልካም ወንበር አላለም። ዮሐንስ አፈወርቅም ይህንኑ ቃል ሲተረጉም የሚያስፈራው ሥራውን መመኘት ሳይሆን ሥልጣኑን መመኘት መሆኑን ተናግሯል።

የዘብዴዎስ ልጆችን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን፣ አስቢ። በቀኝና በግራ እንቀመጥ አሉ። ጌታ «እንዴት ታላቅነትን ትመኛላችሁ?» ብሎ አልገሠጻቸውም። የምትለምኑትን አታውቁም አላቸው፤ ቀጥሎም ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ ይሁን ብሎ የምኞታቸውን አቅጣጫ አዞረው (ማር 10፥35-45)። አሥሩ ደቀ መዛሙርት በሁለቱ ላይ ተቈጥተዋል፤ ትሑታን ስለሆኑ እንዳይመስልሽ፣ ስለተቀደሙ ነው። ወንጌላዊው ማርቆስ ጥቂት ምዕራፍ ዝቅ ብሎ በጌታ ቀኝና ግራ የነበሩትን ይነግረናል፤ አብረውት የተሰቀሉት ሁለት ወንበዶች ናቸው (15፥27)። ያዕቆብም የለመነው ወንበር ሳይሆን ጌታ እንደሚጠጣው የነገረው የመከራ ጽዋ ደረሰው፤ ሄሮድስ በሰይፍ ገደለው (ሐዋ 12፥2)።

ዘመናችን ግን ለዚህ ለምኞት ሌላ ስም አውጥቶለታል። ድሮ «ምኞት» ይባል የነበረው ዛሬ «ራእይ» ሆኗል። «ራእይ አለኝ» የማይል ወጣት የለም፤ ድርጅቱም ራእዩን ጽፎ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ቃሉ የነቢያት ቃል ነበረ። ራእይ ያየ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚሆን መጽሐፍ ቅዱስ ይናገራል፦ ኢሳይያስ ወዮልኝ፣ ጠፍቻለሁ አለ፤ ዳንኤል ደከመና ታመመ፤ ዮሐንስ እንደ ሞተ ሰው ወደቀ። የኛ ራእይ ግን የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም። ሁልጊዜ የሚያሳየን እኛኑ ነው፤ ያውም ከፍ ብለን ተቀምጠን። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ እጃችን ላይ ያለው ስልክ የሌላውን ሰው ከፍታ እያመጣ ያሳየናል፤ ጎረቤት ብቻ የነበረው መለኪያ ዛሬ ዓለም ሁሉ ሆነ።

ይህን የምልሽ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ባለፈው አንድ ጉባኤ ላይ ስለ ከንቱ ውዳሴ አስተምሬ ወረድሁ። ገና ጫማዬን ሳላደርግ፣ ምስጋናም ሳላደርስ፣ ስልኬን አውጥቼ ትምህርቱን በቀጥታ ስንት ሰው እንደተከታተለው አየሁ። ቁጥሩ ካለፈው አንሶ ነበርና ከፋኝ። ስለ ከንቱ ውዳሴ ያስተማርሁት ሰው እኔ ነኝ! አጠገቤ የነበረው ዲያቆን «ደከመዎት እንዴ መምህር?» አለኝ። ድካም ነው ብዬው ወጣሁ። ይኸውና ሁለተኛ ኃጢአት።

ወዳጆችሽ «ባለሽ ተቀመጪ» ማለታቸው ከፍቅር ሊሆን ይችላል፤ ግን ፍርሃትን ትሕትና ብሎ የመጥራት ልማድ አለብን። በጌታ ምሳሌ አንዱ አገልጋይ የተሰጠው አንድ መክሊት ብቻ ነው እያልን እናዝንለታለን። አንድ መክሊት ግን 6,000 ዲናር ያህል ነው፤ ዲናር ደግሞ የአንድ የቀን ሠራተኛ የቀን ዋጋ ነበረ (ማቴ 20፥2)። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው የ20 ዓመት ደመወዝ ማለት ነው። ከሁሉ ያነሰው እንኳ ይህን ያህል ተሰጥቶታል፤ እርሱም ፈርቶ ቀበረው። ስለዚህ መምራት የምትችይ ከሆነ «አልችልም» ማለትሽ ጽድቅ አይሆንልሽም።

ቅዱስ ባስልዮስ በአቴና ተምሮ ወደ አገሩ ሲመለስ በንግግር ችሎታው ልቡ ተነፍቶ፣ የአገሩን ታላላቆች ይንቅ እንደ ነበር የጻፈልን የገዛ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው። የመለሰችው ታላቅ እኅታቸው ማክሪና ናት። ማክሪና ግን አንደበቱን አልቈረጠችም። ያው አንደበት በረሃብ ዘመን እህል የዘጉ ባለጠጎችን ሲወቅስ ተሰማ፤ እ.ኤ.አ. በ370 የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላም ከከተማዪቱ ወጣ ብሎ ድኾችና ሕሙማን የሚጠለሉበትን ሰፊ መንደር አሠራ። ማክሪና ያወጣችለት ነገር ቢኖር «ለራሴ» የሚለውን ነው። ወዳጅ ማለት እንዲህ ናት።

አሁን ወደ ሦስተኛው። በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ባልደረባሽ ሰነድ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብሁት። ስሕተቱን አየሽ። የማስተካከያው ቀን እንዳላለፈ ታውቂያለሽ። ዝም አልሽ። ከዚያ «ጥያቄዬ ይህ ነው» ብለሽ ወደ እግዚአብሔር ፈቃድ አለፍሽ። ልጄ፣ ዋናው ጥያቄሽ እርሱ ነበረ።

«ፈቃዱ ከሆነ» የምትለው ቃል ከየት እንደ መጣች ታውቂያለሽ፤ ከያዕቆብ መልእክት 4፥15። ጌታ ቢፈቅድ ይህን ወይም ያን እናደርጋለን በሉ ይላል። ሰው ሁሉ ይህችን ቁጥር በቃሉ ይዟታል። ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው፤ ቁጥር 17 በጎ ለማድረግ አውቆ ለማይሠራው ኃጢአት ነው ይላል። ሐዋርያው ሁለቱን ያኖራቸው አጠገብ ለአጠገብ ነው። የእግዚአብሔርን ፈቃድ አራት ቀን ስትለምኚ፣ ፈቃዱ ጠረጴዛሽ ላይ ተከፍቶ አይተሽው «የእኔ ሥራ አይደለም» አልሽው።

አልዋሸሁም ትዪኝ ይሆናል። አልዋሸሽም። ስሟን አላጠፋሁም ትዪኛለሽ። አላጠፋሽም። ሳኦልም «ሳኦል ሺህ፣ ዳዊት እልፍ ገደለ» የሚለውን ዘፈን በሰማ ዕለት ጦሩን አልወረወረም፤ ያን ዕለት ያደረገው ዳዊትን በቅንዓት ዓይን ማየት ብቻ ነው። ጦሩ የመጣው በማግሥቱ ነው (1ኛ ሳሙ 18፥7-11)። በዚያው ቤት የሳኦል ልጅ ዮናታን ነበረ። ዙፋኑ በወግ የሚገባው ለእርሱ ነው፤ ዳዊት ለእርሱ ከማንም በላይ ተፎካካሪ ነው። ዮናታን ግን ካባውን፣ ሰይፉን፣ ቀስቱንና መታጠቂያውን አውልቆ ሰጠው። በኋላም በምድረ በዳ ፈልጎ አግኝቶ፣ አንተ ትነግሣለህ፣ እኔም ከአንተ በታች እሆናለሁ አለው (23፥17)።

«ብነግራትና ብታሸንፈኝስ?» ማለትሽ አይቀርም። ታሸንፍሽ ይሆናል። ዮናታንም አልነገሠም፤ ከዳዊት በታችም ለመሆን አልታደለም፣ በጊልቦዓ ተራራ ወደቀ። ቅን ነገር ብትሠሪ ቦታውን እግዚአብሔር ይሰጥሻል ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ እንዲህ ብዬ ብነግርሽ ቅንነትን ራሱን የማደጊያ ዘዴ አደረግሁብሽ ማለት ነው። ቤተሰቦችሽ «የቀደመ ያገኛል» የሚሉሽን እኔ በመንፈሳዊ ቋንቋ መልሼ ነገርሁሽ ማለት ነው።

ስለትሽን አልነቅፍም። የሐናን ስለት ግን አስተውዪ። ልጅ ለመነች፤ የተሳለችውም ያንኑ ልጅ ነው (1ኛ ሳሙ 1፥11)። እኛ ብዙ ጊዜ ትልቁን ለምነን ከዳሩ ቆርሰን እንሳላለን፤ ወንበሩ ለእኔ፣ ሻማው ለእግዚአብሔር። ቦታውን ካገኘሽ ስለትሽ ቦታው ራሱ ይሁን። ከሥርሽ የሚሠራው ሰው ሲሳሳት በሰው ፊት አለማዋረድ፣ የሠራውን ሥራ በስምሽ አለማቅረብ፣ ከአንቺ የተሻለውን አለመግፋት። ይህ ስለት ከምታስገቢው ስጦታ ይከብዳል፤ በየቀኑ የሚከፈል ነውና። ባታገኚውም ከዛሬ ጀምሮ መክፈል ትችያለሽ።

ይህን መልስ እንዳነበብሽ ለባልደረባሽ ደውዪ። ካላነሣች ነገ ጠዋት ወደ ጠረጴዛዋ ሂጂ። ቀድመሽ አይተሽው እንደ ነበርና ዝም እንዳልሽ ሳትደብቂ ንገሪያት፤ ይህኛው ከሁሉ ይከብድሻል፣ ግን አትዝለዪው። ስሕተቱ በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለ አሳያት። ከዚያ ወደ ጸሎትሽ ተመለሺ፤ ሦስት ቀን ይቀርሻል።