ባትሪው ስለሞተ ሙያውን አትተው

የደሴው ወንድሜ፣ አብሽር። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ነው የምመልስልህ፣ ምክንያቱም ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በኤሌክትሪክ ሌቭል 4 ጨርሰህ ፒያሳ አካባቢ ሶላርና ኢንቨርተር የሚገጥም ሱቅ ውስጥ ትሠራለህ። ለአንድ ካፌ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በሲሪስ፣ ማለትም የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ አገናኝተህ፣ አስረህ 24 አደረግህ፤ የማሳያ ሜትሩን፣ ራውተሩንና ካሜራውን ግን ከአንዱ ባትሪ ብቻ ሳብክ። በጥቂት ወር ያ ባትሪ ሞተ። አሠሪህ ከደመወዝህ ልቁረጥ ይላል፣ አባትህ ኩታበር ያለውን በሬ ሸጠው ሳዑዲ ሊልኩህ ነው፣ አንተም "ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም መሰለኝ" ብለሃል።

በዚህ በመጨረሻው ፈጽሞ አልስማማም። የሆነው ነገር ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የሚማሩትም ነገር ነው። ራውተርና ካሜራ ቀንና ሌሊት አይጠፉም፤ ሁለቱ 1 አምፒር ቢወስዱ በቀን 24 አምፒር ሰዓት ነው፣ የባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሩብ ገደማ። ያ ባትሪ ሁሌ ከጓደኛው ጎድሎ ይውላል። ቻርጀሩ ደግሞ የሚያየው ድምሩን ስለሆነ 28.8 ቮልት ሲደርስ "ሞልቷል" ይላል፣ ያኔ አንዱ 15 ቮልት አካባቢ ደርሶ ሲፈላ ሌላው 14 እንኳ አልሞላም። ጎዶሎው ሰልፌት ይይዘዋል (ሰሌዳው ላይ ነጭ ጨው ተጋግሮ አቅሙን ያሳጣዋል)፣ ሙሉው ውሃው ያልቃል።

መፍትሔው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ዲሲ ኮንቨርተር ነው፣ ከሁለቱም ባትሪ ጫፍና ጫፍ የሚታሰር። ፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው አጠገብ፣ ለቀጭኑ ሽቦ የሚመጥን ትንሽ ፊውዝ አስገባ። ኔጌቲቩን ከሻንቱ (ሜትሩ የሚያልፈውን አምፒር ከሚለካበት ቁራጭ) ወዲያ፣ በጭነቱ በኩል እሰረው፤ በቀጥታ ከባትሪው ከወሰድከው ሜትሩ ያንን ፍጆታ አይቆጥረውም። ርካሿን ባለሦስት እግር ሬጉሌተር ግን ተዋት፤ ለምሳሌ 24ን ወደ 5 አውርዳ 1 አምፒር ስትሰጥ 19 ዋት በሙቀት ብቻ ታባክናለች።

"ኮንቨርተር ውድ ነው፣ ከአንዱ ሳብ" ያለህ አሠሪህ እንደሆነ ጽፈሃል። ታዲያ ለምን አንተ ትከፍላለህ? በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የአንተ የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ ደመወዝ አይቆረጥም። ስለዚህ ምንም ወረቀት አትፈርም።

ለአባትህ በአክብሮት ግን ሳትሸሽ ንገራቸው። የበሬው ብር ለደላላ ከገባ በኋላ መመለሻ የለውም፣ በየመን በኩል ያለውን መንገድም ወሎ ውስጥ የማያውቅ ቤት የለም። ልጃቸው ሙያ አለው። የበሬው ዋጋ ሩብ እንኳ ጥሩ ቴስተር፣ የኬብል ጫፍ መጭመቂያና ሁለት ሦስት ኮንቨርተር ይገዛል። ይርዱኝ ካልክ ለዚህ ይርዱህ።

ዲግሪ ካሰብክም በማታ መማር ትችላለህ፣ አሁን አያስቸኩልም። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናውን ግን ዘንድሮ ጨርሰው።

አሁን ዋናው ምክሬ። ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ተወዳደር። በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ብረታ ብረቱ አለ። የምትጠይቀው ግን የማሽን ኦፕሬተርነት ሳይሆን የጥገና ክፍል ይሁን። እኔ እዚያ ጥገና ክፍል ስሠራ የቀን ውሏችን 24 ቮልት ዲሲ ነበር፤ ሴንሰሩም፣ ሪሌዩም፣ ማሽኑን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር ፒኤልሲውም በሱ ነው የሚሠራው። ትልቁን ሞተር የሚያስር ሰው ሞልቷል። ማሽን ቆሞ ሌሊት ሰው ሲጠፋ የሚፈለገው ግን ትንሿን ሽቦ ተከትሎ ቮልቱ የት እንደጠፋ የሚያገኝ ልጅ ነው፣ አንተ ደግሞ ደብዳቤህ ላይ የሁለቱን ባትሪ ቮልት ለየብቻ ለክተህ ጽፈህልኛል። ማንም ሳያዝህ። የሚፈለገው እንዲህ ያለ ልጅ ነው።

ከዚያ በፊት ካፌው ጋ ተመለስ። ኮንቨርተሩን ግጠም፣ የሞተውን ብቻ በአዲስ ቀይር ቢሉህም እሺ አትበል፤ አዲስና አሮጌ በሲሪስ ከታሰሩ አዲሱም ብዙ አይቆይም። ሁለቱም አንድ ላይ መቀየር እንዳለባቸው ለባለቤቱ በግልጽ ንገራቸው።