ስለ ሥራ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ታኦ መጻሕፍት፦ ክፍት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ራስን ስለ ማሻሻል፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ገንዘብና ታኦ ወይም ዳኦ ስለሚባለው የጥንት ቻይና ፍልስፍና ከተጻፉት ውስጥ የትኞቹ መነበብ እንዳለባቸው የንባብ ማኅበራችን አባላት በየጊዜው ስለምትጠይቁኝ ዛሬ በአንድነት እመልሳለሁ። አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ደሴ ውስጥ መጽሐፍ በመጠረዝ እተዳደራለሁ። ለጥገና የሚመጣልኝ የስኬት መጽሐፍ ሁሉ መልኩ አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ሠላሳ ገጽ በጣት ወዝ ጠቁሮና ጠርዙ ተበልቶ ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ከማተሚያ ቤት እንደ ወጣ ነጭ ነው። ችግራችን መጽሐፍ ማጣት አይደለም፤ የጀመርነውን ሳንጨርስ ሌላ መግዛት ነው። ስለዚህ ስትጠይቁ ምን ሥራ እንደምትሠሩና ምን አንብባችሁ እንደ ጨረሳችሁ አብራችሁ ጻፉልኝ።

ከኮምቦልቻ፦ ሕይወትን የሚለውጥ አንድ መጽሐፍ ብቻ ቢመርጡልን?

መልስ፦ ሥራዎን አልነገሩኝም፣ የጨረሱትንም አልነገሩኝም። በዚህ ሁኔታ የምመርጥልዎ የለኝም።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የላኦዙን መጽሐፍ በሁለት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ጎን ለጎን ማንበብ ጀምሬ ነበር፤ ገና የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ሁለቱ የተለያየ ነገር ስለሚሉ ግራ ገብቶኝ አቆምሁ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ መምህር፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ ብዘረዝር አትቀየሙኝ። የላኦዙ የሚባለው መጽሐፍ፣ «ዳኦ ዴ ጂንግ»፣ 81 አጫጭር ምዕራፎች አሉት፤ በጠቅላላው ወደ 5,000 የሚጠጉ የቻይና ፊደላት ብቻ ነው። የጥንቱ ጽሑፍ ነጥብ የለውም፤ የት ማረፍ እንዳለበት የሚወስነው አንባቢው ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ያለው አንድ ሐረግ «ስም የሌለው የሰማይና የምድር መነሻ ነው» ተብሎ ይነበባል፤ ማረፊያው በአንድ ፊደል ቢቀየር ደግሞ «አለመኖር የሰማይና የምድር መነሻ ስም ነው» ይሆናል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው፣ አንድ ቃል ከፊተኛው ወይም ከኋለኛው ጋር ሲናበብ ምስጢሩ እንዴት እንደሚገለበጥ ያውቃልና ይህ አይደንቀውም። ተርጓሚዎችዎ የተለያዩት አንዱ ስለ ዋሸ ላይሆን ይችላል።

ቅጂዎቹም ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማዋንግዱዪ በሚባል ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከተዘጋ መቃብር ውስጥ በሐር ላይ የተጻፉ ሁለት ቅጂዎች ተገኙ፤ በእነርሱ ውስጥ ዛሬ ሁለተኛ የሆነው ክፍል ቀድሞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ጉዎዲየን በሚባል ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 300 ዓመት ገደማ የተጻፉ የቀርከሃ ፍልጦች ወጡ፤ እነርሱም የመጽሐፉን ከፊል ብቻ የያዙ ናቸው። አንድ ላኦዙ የሚባል ሰው መጽሐፉን ብቻውን ጻፈው በሚለው ላይ ሊቃውንቱ አይስማሙም። «ላኦዙ እንዲህ ብሏል» እያላችሁ በየግድግዳው የምትለጥፉ ወጣቶች ይህን አስቡ።

በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1963 የታተመውን የዲ. ሲ. ላውን ትርጉም ይያዝ፤ ሌላው ዋና የታኦ መጽሐፍ ለሆነው ለዧንግዙ ደግሞ የበርተን ዋትሰንን እ.ኤ.አ. የ1968 ትርጉም። ሁለቱም ከቻይንኛው የተተረጎሙ ናቸው። ገበያ ላይ ግን ቻይንኛ የማያነቡ ሰዎች ከሌሎች ትርጉሞች እየቀናነሱና እያሳመሩ የጻፏቸው አሉ፤ ጣፋጭ ናቸው፣ ትርጉም ግን አይደሉም። መግቢያውን ሳታነቡ፣ ከየትኛው ቋንቋ በስንት እጅ እንዳለፈ ሳትጠይቁ አትግዙ።

አንድ ምዕራፍ ብቻ ላሳይዎ። 11ኛው ምዕራፍ ሦስት ነገሮችን ያነሣል፤ ሠላሳ ዘንጎች የሚገናኙበትን የመንኮራኩር እምብርት፣ ከሸክላ የሚሠራን ዕቃ፣ በርና መስኮት የሚወጣለትን ክፍል። በሦስቱም ላይ የሚጠቅመን ባዶው ስፍራ ነው ይላል። እኔ ይህን የተረዳሁት በሥራዬ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ወረቀት ለመቆጠብ ሲሉ ጽሑፉን እስከ ገጹ ውስጠኛ ዳር ድረስ ያተሙት መጽሐፍ ልጠርዝ መጣልኝ። መርፌዬን የማስገባበት ኅዳግ ስላልነበረ ክሩ በፊደሎቹ ላይ ሄደ፤ ሰፍቼ ስጨርስ የእያንዳንዱ መስመር የመጨረሻ ቃል ጀርባው ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ባለቤቱ ምንም ያህል ቢገልጠው ሊያነበው አልቻለም። ያንን መጽሐፍ መጽሐፍ የሚያደርገው ያልታተመበት ሁለት ጣት ስፍራ ነበር።

ከወልዲያ፦ የብረታ ብረት ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ታኦ የጨረስሁት የለም። ታኦ «አለመሥራትን» ያስተምራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለሠራተኛ ሰው ስንፍናን የሚሰብክ መጽሐፍ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ «ው ዌይ» የሚለውን የቻይንኛ ቃል «አለመሥራት» ብሎ መተርጎም ብዙ ሰው አሳስቷል። እኔ «ሳይታገሉ መሥራት» እለዋለሁ። በዧንግዙ ሦስተኛ ምዕራፍ ያለውን የአብሳዩን የዲንግን ታሪክ ያንብቡ። ዲንግ በጌታው ፊት በሬ ይበልታል። ተራው አብሳይ ስለሚከተክት ቢላዋውን በየወሩ ይለውጣል፤ ጎበዙ ስለሚቆርጥ በየዓመቱ ይለውጣል፤ የዲንግ ቢላ ግን 19 ዓመት ሠርቶ፣ በሺህ የሚቆጠሩ በሬዎችን ገነጣጥሎ፣ ዛሬ ከሞረድ እንደ ወጣ ነው፤ ምክንያቱም በመገጣጠሚያው መካከል ባለው ክፍተት እንጂ በአጥንቱ ላይ አይሄድም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ቀጥሎ ያለውን ግን አትዝለሉ፤ ዲንግ አስቸጋሪ ቋጠሮ ላይ ሲደርስ ይጠነቀቃል፣ ዓይኑን ይተክላል፣ እጁን ያዘገያል፣ ቢላዋውን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ ነው የሚፈታው። ይህ የሰነፍ ሰው ሥራ ነውን? ብረት ሲጠርቡ የት ላይ ኃይል እንደሚጨምሩና የት ላይ እጅዎን እንደሚያላሉ ያውቃሉና ከብዙዎቻችን ይልቅ እርስዎ ይረዱታል።

ከባቲ፦ ጋሼ፣ ይህ እኮ በእኛ ዘንድ ተወኩል የምንለው ነው።

ከላሊበላ፦ አይደለም፤ ተወኩል በአላህ ላይ መመካት ነው፣ ይህ መጽሐፍ ግን አዛዥ ፈጣሪ አያነሣም። ይልቅስ አባቶቻችን በገዳም የያዙትን ዝምታ ይመስላል።

ከባቲ፦ ገዳማዊውም በፈጣሪው እንጂ በባዶ ስፍራ አይመካም። የአንተም ምሳሌ እንደ እኔው ይጎድላል። ተወኩል ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም፤ ግመልህን እሰርና ተመካ ተብሏል። እኛ ሰኞ ገበያ ግመል ሳናስር አናድርም።

መልስ፦ ሁለታችሁም የየራሳችሁን በሚገባ ታውቃላችሁ፤ እኔም የተማርሁት ከዚህ ክርክር ነው። ነገር ግን መመሳሰልና አንድ መሆን የተለያዩ ናቸው። የሰውን መጽሐፍ የራሳችን ነው ብለን ካነበብነው ያልነገረንን እንሰማለን። መጀመሪያ በራሱ ቃል ስሙት፤ ንጽጽሩ ይደርሳል። እዚህ ላይ እናቁም።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ የሸቀጥ ነጋዴ ነኝ። ስለ ባቢሎን ሀብታም የተጻፈውን ጨርሻለሁ፤ ስለ ሀብታሙና ስለ ደሃው አባት የተጻፈውን ደግሞ አጋምሻለሁ። ከእነዚህ የትኛውን ሥራ ላይ ላውል?

መልስ፦ ስለ ባቢሎኑ ልጀምር። የጆርጅ ክላሰን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1926 የወጣ ሲሆን፣ ታሪኮቹ አስቀድመው በባንኮችና በመድን ድርጅቶች አማካይነት ለሕዝብ የሚታደሉ ትንንሽ ጽሑፎች ነበሩ። ይህ ምክሩን ሐሰት አያደርገውም፤ ቆጥቡ የሚለን ማን እንደሆነ ግን ማወቅ አለብን። ዋና ምክሩ ከሚያገኙት አንድ አሥረኛውን ለራስዎ ያስቀሩ የሚል ነው፤ 6,000 ብር ያገኘ 600 ብር ማለት ነው። ልማዱን ያዙት። መጽሐፉ የማያውቀው ነገር ግን አለ። የዋጋ ንረት ባለበት አገር ዝም ብሎ የተቀመጠ 600 ብር ከዓመት በኋላ የሚሸምተው ጤፍ ያነሰ ነው። የለቅሶ መረዳጃችንን ቅሬን አያውቅም፣ ዕቁብን አያውቅም፣ ጎረቤት ሐዘን ሲደርስበት ሱቅ ዘግቶ መሄድን አያውቅም። እነዚህን ወጪ ብሎ የሚሰርዝ ሰው ወሎ ውስጥ ብቻውን ይቀራል።

ስለዚህ ከማንኛውም የገንዘብ መጽሐፍ በፊት የራሳችሁን ደብተር አንብቡ። አንዲት በርበሬ ነጋዴ ደብተሯን ልጠርዝላት አምጥታልኝ ነበር። እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ ለሦስት ከፍላዋለች፤ ለሸቀጡ፣ ለቤቱ፣ ለቅሬና ለለቅሶ። በርበሬው እያከሰራት መስሏት ዓመት ሙሉ ስትጨነቅ ኖራለች፤ ሦስቱን ለይታ መጻፍ ስትጀምር ግን በርበሬው እንደሚያተርፍ፣ ጉድለቱ በዱቤ ሰጥታ ካልሰበሰበችው እንደሆነ በዓይኗ አየች። ያንን የነገራት መጽሐፍ አልነበረም፤ የራሷ እጅ ጽሕፈት ነው።

ያጋመሱትን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውን የሮበርት ኪዮሳኪን መጽሐፍ በተመለከተ፣ ገንዘብ ወደ ኪስ የሚያስገባውንና ከኪስ የሚያወጣውን ለይ የሚለውን ይውሰዱ። ስለ ቤትና ስለ ብድር የሚለው በአሜሪካ የግብርና የብድር ሥርዓት ላይ የቆመ ነውና ደሴ ላይ አምጥተው አይሞክሩት። በጠቅላላው ስለ ስኬት መጻሕፍት የምለው፣ ያንኑ ምክር ሠርተው የከሰሩ ሰዎች መጽሐፍ እንደማይጽፉ ነው።

ከከሚሴ፦ ብዙዎቹ መጻሕፍት ወለድ በወለድ ላይ ስለሚያድገው ገንዘብ ይናገራሉ። ወለድ የማንቀበል ሰዎች ምን እናድርግ?

መልስ፦ የሃይማኖቱን ኡስታዝዎን ይጠይቁ፤ የእኔ ዕውቀት አይደለም። ከገቢ ቀንሶ ማስቀረት ግን ወለድ አይፈልግም።

ከመርሳ፦ ስለ ልማድ የተጻፉትስ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን የጄምስ ክሊርን «አቶሚክ ሃቢትስ» ማንበብ ይበቃል። አካባቢን ስለ ማስተካከል የሚለውን ክፍል ሥራ ላይ ሳታውሉ ሌላ አትግዙ።

ከኮምቦልቻ፦ የሁሉንም ፒዲኤፍ ይላኩልን።

መልስ፦ አልልክም። የሰው ድካም ነው፤ ደግሞም ስልካችሁ ላይ ሁለት መቶ ያልተከፈተ ፒዲኤፍ እንዳለ አውቃለሁ።

ከቦሩ ሜዳ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና የዳና የእስልምና ሊቃውንት አገር ተቀምጠን ጥበብ ከቻይናና ከአሜሪካ መለመናችን አያሳፍርም? የራሳችን አይበቃንም?

ከሐይቅ፦ የራሳችንንስ ማን አነበበው? መጽሐፈ ፈላስፋን ከተማሪዎቼ ስሙን የሚያውቅ አንድም አላገኘሁም።

መልስ፦ የሐይቁ መምህር የተናገሩት ያሳዝናል፤ እውነትም ነው። ለቦሩ ሜዳው ወንድሜ ግን አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፈ ፈላስፋ ራሱ የግሪክ ጠቢባንን ቃል ከያዘ የዐረብኛ መጽሐፍ በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። አባቶቻችን ከሌላው ሕዝብ መውሰድን አላፈሩበትም፤ መርምረው ወሰዱ። የራሳችንን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ስለ ሥራና ስለ ሀብት ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይጀምር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደራሲው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ነው። የሀብት ምንጭ ሥራ እንደሆነ፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ ዕውቀት የሌለው እንደሚጎዳ ያን ጊዜ ጽፈውታል። ስለ ገንዘብ አሥር የውጭ መጽሐፍ አንብቦ ይህን ያላነበበ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ሳይ ይቆጨኛል።

ከተንታ፦ እኔ ቡና ቤት አለኝ፤ ከንጋት እስከ ምሽት ቆሜ ነው የምውለው። መቼ ላንብብ?

መልስ፦ እኅቴ፣ የላኦዙ አንድ ምዕራፍ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ማለዳ አቦሉ እስኪፈላ አንዷን ያንብቡ፤ በረካው እስኪወርድ ደግመው ያስቡባት። 81 ምዕራፍ ነውና ጥቅምት 1 ቢጀምሩ ታኅሣሥ 21 ይጨርሳሉ። ለዚያ ዓመት ሌላ መጽሐፍ አያስፈልግዎትም።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ በአጭሩ ከየት ልጀምር? አንድ መጽሐፍ ብቻ ይንገሩኝ።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። ሥራዎን ይጻፉልኝ፤ ካልሆነ ከላይ ያለውን ያንብቡ።

ከወልዲያ፦ ጋሼ፣ የብረት ሠራተኛው ነኝ። የዲንግን ታሪክ ለመፈለግ ብዬ ዛሬውኑ በአማርኛ የተተረጎመ የታኦ መጽሐፍ ከመንገድ ላይ ገዛሁ። ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ መግቢያውን ሳያዩ ገዙት፤ ከላይ ጽፌዋለሁ። ይሁንና 11ኛውን ምዕራፍ ይክፈቱ። የመንኮራኩሩ እምብርት፣ የሸክላው ዕቃና ክፍሉ ሦስቱም አሉን? ከሌሉና በምትካቸው ምክር ከተጻፈ፣ ተርጓሚው ከራሱ ጨምሯል። የዲንግ ታሪክ ግን በዧንግዙ መጽሐፍ እንጂ በዚህኛው እንደሌለ ይወቁ።

ከወልዲያ፦ ከፈትሁት። ዕቃውና ክፍሉ አሉ፤ መንኮራኩሩ የለም። «አእምሮህን ባዶ ካደረግህ ሀብት ይመጣልሃል» የሚል ተጨምሮበታል።

መልስ፦ ያ ዐረፍተ ነገር በ11ኛው ምዕራፍ የለም። መጽሐፉን አይጣሉት። ወደ ደሴ ሲወርዱ ይዘውት ይምጡ፤ የላውን ትርጉም አጠገቡ ዘርግተን የጎደለውን በእርሳስ በኅዳጉ ላይ እንጽፋለን፤ ጀርባውም ከላላ እሰፋልዎታለሁ።