ከአዳማ እስከ ብሔራዊ ቴአትር በብስክሌት፤ በአንድ ቀን ይሆናል ወይ?

የአዳማው ወንድማችን አሥራ ሁለት ሆነው እሑድ ማለዳ በብስክሌት ተነሥተው ከሰዓት በኋላ ብሔራዊ ቴአትር ለመግባት እንዳሰቡ ገልጸው፣ ሁለቱ በአንድ ቀን ይሆናሉ ወይ ብለው ጠይቀዋል። ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ጊዜ ስለሞከርኩት፣ መድረሱ እንደሚቻል፣ ቴአትሩን ነቅቶ ማየቱ ግን እንደሚያጠራጥር ልነግርዎ እችላለሁ።

የፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት ስለማይፈቀድ በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በዱከም የሚያልፈውን አሮጌ መንገድ ትይዛላችሁ፤ እሱም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው ርቀቱን ያሰላና ከፍታውን ይረሳል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ቴአትር ቤቱ ያለበት ሰፈር ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እስከ ቢሾፍቱ ያለው አቀበት ለዘብ ያለ በመሆኑ ያዘናጋል፤ የቀረው 400 ሜትር ያህል ከፍታ የሚመጣው እግር ከዛለና ፀሐይ ከበረታ በኋላ ነው። ነፋሱንም አትናቁት፤ አዳማ ዙሪያ ያሉት ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም።

በመጀመሪያው ጉዟችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥተን 6 ሰዓት ላይ እንደርሳለን ብለን ነበር። ሁለት ጎማ ፈነዳብን፤ ከቃሊቲ እስከ ሳሪስ ደግሞ ባቡሩ መሐሉን በያዘው መንገድ ላይ ከከባድ መኪናዎች ጋር እየተጋፋን በአንድ ረድፍ ስንጓዝ ጊዜው ነጎደ። ቴአትሩ በ9 ሰዓት ይጀመር ነበርና 15 ደቂቃ ሲቀረው ከአንበሳው ሐውልት ሥር ላብ በላብ ሆነን ቆምን። ብስክሌቶቹን የሚረከበን ሰው ባለማዘጋጀታችን ከመካከላችን አንዱ የመጀመሪያውን ገቢር ውጭ ቆሞ ሲጠብቅ አሳለፈ። የገባነውም ብንሆን የተሻለ ዕድል አልገጠመንም፤ መብራቱ ሲጠፋ ግማሾቻችን አንቀላፋን፣ አንዱ ጓደኛችን እናት ልጇን በምትቀብርበት ትዕይንት ላይ ሲያንኮራፋ ከፊታችን የተቀመጡ እናት ዞር ብለው በነጠላቸው ጫፍ መቱት። (እሱ እስካሁን አላንኮራፋሁም ይላል።)

ለተዋንያኑም ሆነ ለከፈላችሁት ገንዘብ ክብር ስትሉ ጉዞውን ቅዳሜ አድርጉት፤ አዲስ አበባ አድራችሁ እሑድ ታጥባችሁና ልብስ ቀይራችሁ ግቡ። ሁለተኛውን ጉዞ እንዲህ አድርገነው የቴአትሩን ታሪክ በየመንገዱ ለሳምንታት ስንከራከርበት ከርመናል። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ያ ትልቅ አዳራሽ ከበስተኋላ ተቀምጠው የሚያንቀላፉበት ሳይሆን ከፊት ሆነው የሚያዳምጡበት ነው። በሥራ ምክንያት ቅዳሜ የማይመቻችሁ ከሆነ ብስክሌቶቹን እስከ ቢሾፍቱ ጭናችሁ ከዚያ ጀምሩ፤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚቀር ማለዳ ከተነሣችሁ ከምሳ በፊት ትገባላችሁ።

ከሁሉም ቀርፋፋው ጓደኛችሁ ከፊት ይምራ፤ ፓምፕና ትርፍ የውስጥ ጎማ የያዘው ደግሞ የመጨረሻው ይሁን። ብስክሌቶቹን የምታሳርፉበት ግቢ አስቀድማችሁ በስልክ ለምኑ። ለመመለሻ እኛ ብስክሌቶቹን በአይሱዙ ጭነን ራሳችን በሚኒባስ ተሳፍረናል፤ ዋጋውን ግን ከአዳማ ሳትነሡ ተነጋገሩ፣ ምክንያቱም ከቴአትር ወጥቶ በምሽት አሥራ ሁለት ብስክሌት ይዞ የሚለምን ሰው ለመደራደር አቅም የለውም።